ሦስት ፍሬ ብስኩት የሚበቃው ሰው

እስከ ዛሬ ጻፍኩ የምለው በስድስተኛ ክፍል ፈተና ወረቀት ላይ የሰፈረውን ነው። ከዚያ በኋላ እስክርቢቶ የያዝኩት ቀበሌ ስፈርም ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ፣ ነገር ብደጋግም፣ የሚያነብ ሰው ይታገሰኝ። በአፌ ልናገረው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ባለሱቅ ጨው ስለው ሳሙና ቢሰጠኝ እንኳ "ይህን አይደለም ያልኩት" ማለት ስለማልችል ሳሙናውን ይዤ የምመለስ ሰው ነኝ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያየኝም። ንዴቴም እስካሁን አልበረደም።

የተናደድኩት በብስኩት ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

የምንኖረው መርሳ ነው፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ እናቴና እኔ ብቻ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድሞቼ የየራሳቸው ትዳር አላቸው። እናቴ በገበያ ቀን ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች፣ እኔ አግዛታለሁ። ለረመዳን ሦስት ወር ያህል ሲቀረው እናቴ ውሃ ውሃ ማለት አበዛች። ዓይኗ ፈዘዘባት። ወልድያ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ስኳር ነው ተባለ።

ኪኒን ሰጧት። ሻይ ያለ ስኳር፣ ለስላሳ የለም፣ ማንጎ የለም ተባለች። ወረዳችን ሀብሩ የማንጎ አገር ነው፤ እዚህ ተቀምጦ ማንጎ አትብላ ማለት ዝናብ ላይ ቆመህ አትርጠብ እንደማለት ነው፤ እናቴ ግን ለዚህ ሁሉ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ረመዳንን እጾማለሁ ወይ?"

ነርሷ መዝገቡን አየች። "አሁን መቶ ዘጠና ነው። ከሁለት ወር በኋላ ይምጡ። ከወረደ ዶክተሩ አይቶ ይወስናል። ከወጣ ግን ጾምን አያስቡት።"

እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ረመዳንን ያቋረጠችው እኛን ስትወልድ ብቻ ነው፤ ያንንም በኋላ አንድ ባንድ ጾማ መልሳዋለች። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚሠራው ነገር ሁሉ፣ የሚበላውም የሚተወውም፣ ለዚያ ሁለት ወር ነበር።

ስንወጣ ነርሷ ወደ እኔ ዞራ፣ "የታሸገ ነገር ከመብላታቸው በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቢላቸው። ታነቢያለሽ አይደል?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። እናቴ በኩራት አየችኝ።

አንድ ወር እናቴ ሰው የማይችለውን ቻለች። ሠርግ ቤት ሄዳ ውሃ ብቻ ጠጥታ መጣች። የማንጎ ቅርጫት ጎን ተቀምጣ ቲማቲሟን ሸጠች። ከዚያ አንድ ቀን ዘይት ልገዛ ሱቅ ስሄድ ከማሩና ከወተት ዱቄቱ ጋር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አዲስ ብስኩት አየሁ። ከውጭ የመጣ ነው፤ እሽጉ አረንጓዴ፣ ቅጠል የተሳለበት። በላዩ ላይ በአማርኛ "ለስኳር ሕመምተኞች የሚሆን" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ፊደሉ ከሩቅ ይታያል። ባለሱቁም "ለናትሽ ውሰጂላት፣ ሰው ሁሉ እየወሰደ ነው" አሉኝ። ወሰድኩ።

እናቴ እሽጉን አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

"በይ አንብቢልኝ። እንዳትዘዪ።"

ጀርባው ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ተለጣፊ ነበረ። ፊደሉ ከጤፍ አይበልጥም። ወደ በር ይዤው ወጣሁ።

"ስኳር፣ ሁለት ግራም ይላል፣ እማ።"

"ግራም? የወርቁ ግራም?"

"አንድ ነው መሰለኝ።"

እናቴ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። "የጆሮዬ እኮ ሦስት ግራም ነው! አባትሽ ሲገዛልኝ ፊቴ ነው የተመዘነው።" ጉትቻዋን ፈትታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ሁለታችንም አየነው። መዳፏ ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። "ከዚህ ያነሰ ስኳር ሰው ይጎዳል? አልሃምዱሊላህ፣ በይ ቅደጂው።"

እኛ ዘንድ ግራም የሚባለው ነገር የሚታወቀው ወርቅ ቤት ነው። ሽንኩርት በኪሎ ነው፣ ስኳርም በኪሎ። ምግብን በግራም የሚቆጥር ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጉትቻው በቂ ማስረጃ ሆነልን።

ብስኩቱ ስንት ፍሬ ይበላል ብሎ የጠየቀ የለም። ለምን ይጠየቃል? ለሕመምተኛ ነው ተብሎ ተጽፎበታል፤ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ነገር ደግሞ መድኃኒት ነው። እናቴ ሰው እያየ ብቻዋን መብላት ስለማትችል መጀመሪያ እሽጉን ይዛ ጎረቤቶቻችን ወደተቀመጡበት ጥላ ወጣች፤ ለሁሉም ዘረጋችላቸው። አንዷም እጇን አልሰደደችም።

"አንቺ ሴት፣ ነገ ደግሞ ኪኒንሽን አካፍዪንና እንዋጥልሽ!" አለቻት ከጎናችን ያለችው።

"ቅመሱ፣ ስኳር የለውም።"

"ስኳር ከሌለው ምን ልሁን ብዬ እቀምሰዋለሁ? ይልቅ ጨርሺውና ተሻዪ።"

መድኃኒት ከተጀመረ አይቋረጥም፣ ሙሉው ካልተወሰደ አይሠራም፤ የክሊኒክ ሰዎች ራሳቸው ናቸው ሁልጊዜ እንዲህ የሚሉን። እናቴም ግማሹን እሽግ ጠዋት ከመራራ ሻይዋ ጋር፣ ግማሹን አመሻሽ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ መብላት ጀመረች። በየቀኑ አንድ እሽግ። አንድ ቀን ጠግባ አራት ፍሬ ስታስተርፍ፣ "ጨርሺው እንጂ፣ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው" ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ግን ብያለሁ።

ሁለት ወሩ ሲሞላ ወልድያ ሄድን። እናቴ አዲሱን ሻሿን አስራ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩን ሳይቀር እየመረቀች ነበር። የወረደ መስሏታል። እኔም መስሎኛል።

ነርሷ የእናቴን ጣት ወጋች። መለኪያውን አየች። እንደገና አየች።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።"

እናቴ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ከነርሷ ፊት አነበበችው።

"እናት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምንድን ነው የሚበሉት?"

"ምንም፣ ልጄ። ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው። ወላሂ።"

"ተዉ እንጂ! እዚህ የሚመጣ ሁሉ ይምላል። ደም ግን አይዋሽም።"

ከኋላችን ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሳቀ። እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በሚዛን የሸጠች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ያጎደለችበትን ገዢ ፍለጋ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ የሮጠች ናት። "ዋሸሽ" ተብላ አታውቅም። አንገቷን ደፋች፤ አዲሱ ሻሿ ፊቷን ሸፈነው።

ድምፄ አልወጣ ሲል እጄን ፌስታሉ ውስጥ ሰደድኩና ለመንገድ የያዝነውን እሽግ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ይህን ነው" አልኩ።

"ምን?"

"የምትበላው... ሲስተር። ይህን ነው።"

ነርሷ አነበበችው። "ይሄማ ጥሩ ነው እኮ። ለስኳር ሕመምተኛ ነው የሚለው። ሁለት ግራም፣ ምንም አይል። በቀን ስንት ይበላሉ?"

"አንድ።"

"አንድ ፍሬ?"

"አንድ እሽግ።"

ከጎን ክፍል መድኃኒት የሚያድለውን ልጅ እግር ሰውዬ ጠራችው። እሱ እሽጉን ወደ መስኮት ይዞ ሄደ።

"ሁለት ግራሙ በመቶ ግራም ነው" አለ።

"የት ላይ አየኸው? በእሽጉ ነው እንጂ" አለች።

"በእሽጉማ ከሆነ ታምር ነው።"

"ታዲያ ካርቦሃይድሬቱን እየው፣ አሥራ አምስት ይላል።"

"አሥራ አምስት ከምኑ?"

"እኔንጃ። ከላይ ያለውን ተለጣፊው ሸፍኖታል።"

ሁለቱም ዲግሪ አላቸው፤ ዲግሪያቸው ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱም አልተስማሙም። እኔን ግን ታነቢያለሽ አይደል ብለው ነበር የላኩኝ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቱ የኔ አለመማር መስሎኝ ነበር። እነሱን ሳይ ነው ደሜ የፈላው።

በመጨረሻ ዶክተሩ መጣ። እሽጉን ብዙም አላየውም። ዱቄት ራሱ ሆድ ገብቶ ስኳር እንደሚሆን፣ በቀን አንድ እሽግ ማንም የስኳር ሕመምተኛ መብላት እንደሌለበት በትሕትና አስረዳን። ኪኒኑን ጨመረ። ከዚያ እናቴን ቁልቁል አይቶ፣ "ዘንድሮ ጾም የለም፣ እናት" አላት።

"ዘንድሮ?"

"ዘንድሮ።"

ነርሷ ይቅርታ አልጠየቀቻትም። ምናልባት ረስታው ይሆናል። እኔ ግን አልረሳሁም።

ስንመለስ እናቴ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ወደ ውጭ እያየች መጣች። መርሳ ልንገባ ስንል ብቻ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ያቺ ልጅ ውሸታም አለችኝ አይደል?" አለች። እኔ ነኝ ያስዋሸሁሽ ልላት ፈለግሁ፤ አፌ አልታዘዘኝም። ስንወርድ ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ወደ ቤት ላክኋትና እኔ ወደ ሱቁ ሄድኩ።  

ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ከልጅነቴ ያውቁኛል። አንድ የባጃጅ ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ ለስላሳ ይጠጣል።

"ጋሼ፣ ይህ ብስኩት የስንት ሰው ነው?" አልኳቸው።

"የገዛው ሰው ነዋ!"

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"እናቴ ዘንድሮ አትጾሚም ተባለች። በዚህ ምክንያት።"

ፊታቸው ተለወጠ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እሽጉን ተቀበሉኝ። "ለሕመምተኛ ይላል እኮ፣ ልጄ..."

"ተለጣፊውን ይላጡት።"

"ዕቃው ይበላሽብኛል።"

"እኔ ገዝቼዋለሁ። ይላጡት!"

"ምነው ዛሬ ድምፅሽ ወጣ?" አሉ፤ ግን በጥፍራቸው መላጥ ጀመሩ። ሙጫው ጠንካራ ነው። ግማሹ ተቀደደ፣ ግማሹ ተነሳ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የታተመ ሁለት መስመር ወጣ። እሳቸው እስከ አሥራ ሁለተኛ ተምረዋል። ጣታቸውን እየጎተቱ አነበቡት።

"የአንድ ጊዜ ድርሻ... ሦስት ፍሬ። በእሽጉ ውስጥ ያለው ድርሻ... ስድስት።"

"ስለዚህ ሁለት ግራሙ የሦስት ፍሬ ነው?"

"ይመስላል።"

"ካርቦሃይድሬት ያሉት አሥራ አምስቱም?"

"እሱም።"

አሥራ አምስት በስድስት ዘጠና ግራም ነው፣ ሆድ ገብቶ ስኳር የሚሆነው። ይህን ለማስላት ስድስተኛ ክፍል ይበቃል። የጎደለኝ ትምህርት አልነበረም፤ የጎደለኝ ያ መስመር ነበር፣ እሱ ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፈውበታል።

"ሦስት ፍሬማ ለምላስ ነው እንጂ ለሰው አይደለም" አለ የባጃጁ ሹፌር። "ማነው ሦስት ቆጥሮ በልቶ እሽጉን የሚያጥፈው? አሳዩኝ እስቲ፣ በነጻ ነው የምጭነው!"

"ለምን በላዩ ላይ ለጠፉበት?" ብዬ ጮኽኩ። እኔ ነኝ የጮኽኩት። መንገድ ማዶ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩኝ።

"እኔ ነኝ እንዴ የለጠፍኩት?"

"ሰው ሁሉ እየወሰደ ነው ብለው የሰጡኝስ?"

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ስልካቸውን አነሱ። ሐራ ከተማ ላሉት እናታቸው ባለፈው ሳምንት ሦስት እሽግ ልከውላቸው ኖሯል። ስልኩን ጮክ አድርገው ስለሚያወሩ የአሮጊቷ ድምፅ እኛም ዘንድ ይሰማል።

"እማዬ፣ ያንን ብስኩት ይተዉት።"

"የቱን?"

"ለስኳሩ የላክሁልዎትን።"

"እሱማ አልቋል፣ የኔ ልጅ። ሌላ ላክልኝ እንጂ፣ ተስማምቶኛል።"

ሹፌሩ ሳቁን ሊይዝ አፉን በእጁ ሸፈነ። ባለሱቁ አልሳቁም። ስልኩን ዘግተው የቀሩትን እሽጎች ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱና ከልጆች ብስኩት ጋር ቀላቀሏቸው። አልጣሏቸውም። ነጋዴ ናቸው፤ ምን ያድርጉ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን እሽግ ሁሉ አነባለሁ። ባነበብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። የጭማቂ ጠርሙስ አየሁ፤ ስኳሩን የሚቆጥረው በመቶ ሚሊ ሊትር ነው፣ ጠርሙሱ ግን ሦስት መቶ ነው። ሲሶውን ጠጥቶ ክዳኑን የሚያጠብቅ ሰው ማን ነው? የለውዝ ቅቤ አየሁ፤ "አንድ ማንኪያ" ይላል። የቱ ማንኪያ? የሻዩ? የእራቱ? እኛ ቤት ማንኪያ ሲባል ጭልፋውን የሚያነሳ ሰው አለ። የሚያልፍበት ቀን ተብሎ የታተመው ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ፕላስቲኩ የታጠፈበትና የተኮማተረበት ቦታ ላይ ነው፤ ለመደበቅ ካልሆነ እዚያ ለምን ይታተማል? የሚሸጠው ቃል በትልቁ፣ የሚያድነው ቃል በትንሹ። አምራቹም ተለጣፊውን የለጠፈውም ሰው እናት የላቸውም?

"የአንድ ሰው ድርሻ" የሚለውንም ቃል ብዙ አሰብኩበት። ነርሷ ያን ቀን እናቴን በቀን ስንት እንጀራ ይበላሉ ብላ ጠይቃት ነበር፤ እናቴ ምን ብላ ትመልስ? እኛ ከአንድ ገበታ ነው የምንበላው። ጎረቤት ቢገባ አብሮ ይበላል፣ እሱም ያጎርሳታል። በገበታው ላይ እስከዚህ ያንቺ ነው የሚል መስመር የለም። ስንት እንደበላች እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ብስኩቱን የሠራው ሰው ግን ብቻውን ተቀምጦ ሦስት ፍሬ ቆጥሮ የሚበላ ሰው በአእምሮው ይዞ ነው የሠራው። ያንን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል። መርሳ ውስጥ የለም።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ምንም አንብቢልኝ አለማለቷ ነው። አልተቆጣችኝም፤ ስለ ብስኩቱም አላነሳችም። ኪኒኗ ሲቀየር ወረቀቱን እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እያለሁ ለጎረቤታችን ተማሪ ልጅ ይዛ ሄደች። ነርሷ ከሰደበቻት ይልቅ ይህ አቃጠለኝ፤ ግን በምን አፌ ልናገር?

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰፈራችን ወዳሉት ሸህ ቤት አብሬያት ሄድኩ። የዶክተሩን ነገር ነገረቻቸው። እያለቀሰች ነበር። ሸሁ ለታመመ ሰው አላህ ራሱ ፈቅዷል፣ አታልቅሺ አሏት፤ ለማትጾሚው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ አብዪ፣ እሱ ይበቃል አሏት።

እናቴ ዕንባዋን ጠረገች። ከዚያ አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሰው በሚጠይቅበት ድምፅ፣ "የአንድ ሰው ስንል ስንት ነው፣ አባ? ልክክ አድርገው ይንገሩኝ" አለቻቸው።

ሸሁ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው እንደ ጽዋ አድርገው ዘረጉላት። "ይህን ያህል እህል። አንድ እፍኝ፣ ሞልቶ። በቃ።"

በሩ ላይ ቆሜ እጃቸውን አየሁት። ማንም ሊያነበው ይችላል፤ ዕውርም ቢሆን ዳስሶ ያውቀዋል።

በጾሙ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት፣ እኔ ጾመኛ ሆኜ እሷ ቁርሷን ተደብቃ ከበላች በኋላ፣ እናቴ የስንዴውን ጆንያ ፈትታ አጠገቡ ተቀመጠች። ስንዴው ከመንገዱ ማዶ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነው። ሁለት እጇን ከተተችና አፍሳ አወጣች። ስኳሩ በእነዚያ ወራት አክስቷታል፤ ጣቶቿ አልገጥም ብለው ስንዴው በመሃላቸው እየሾለከ ጆንያው ውስጥ ተመልሶ ፈሰሰ። ደግማ አፈሰች፤ እንደገና ጎደለ። የቀረውን መልሳ ደፋችው። እጇን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ለጎረቤት ልጅ አልላከችም።

"የኔ እጅ ከስቷል፣ የሰው ድርሻ ያጎድልብኛል" አለችኝ። "ነይ፣ አንቺ ስፈሪልኝ።"